የዳቦ ቤቱ ሞተር

ባለፈው ቅዳሜ የአንድ ጓደኛዬን ሚኒባስ የናፍጣ ማጣሪያ ስቀይርለት ትንሽ ናፍጣ እጄ ላይ ፈሰሰ። ይህን ሥራ ማንም አላስተማረኝም፤ ከመጻሕፍትና ከራሴ ስህተት ለቃቅሜ ያወቅሁት ነው። አንድ ልማድ ግን ከአጎቴ ወስጃለሁ፤ ጨርቅ ከማንሳቴ በፊት እጄን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋለሁ። ለሌላው ሰው ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። እኔን የሚሸተኝ ነሐሴ ነው፤ ባዶ የሮም መንገድ፣ ባዶ ሆድ፣ በሰንሰለት የተንጠለጠለ ሞተር።

ያን ጊዜ ስምንት ዓመቴ ነበር። ካስትሮ ፕሬቶሪዮ በሚባል የሮም ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ከጋሼ መርዕድ ጋር እኖር ነበር። ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሚስትም ልጅም የለውም። እናቴ ፊሳ ነበረች፤ አሠሪዋ ቤት እያደረች የምትሠራ። ፊሳ ልጇን ይዛ አትገባም። የምትወጣው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ስለሆነ፣ እናቶች ሁሉ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚታዩ ይመስለኝ ነበር። አንድ ማክሰኞ የክፍል ጓደኛዬ ከእናቱ ጋር ሲሄድ አይቼ፣ "ዛሬ ምን በዓል ነው?" ብዬ ጠይቄዋለሁ።

በነሐሴ የእናቴ አሠሪ፣ አሮጊቷ ሲኞራ፣ ሙቀቱን ሸሽታ ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ወዳለው የዕረፍት ቤቷ ትሄዳለች። እናቴንም ይዛት ትሄዳለች። እዚያ ማለዳ የሚነሳ አውቶቡስ የለም። ያለው የእትዬ ዘውዴ ሚኒባስ ብቻ ነው።

እትዬ ዘውዴ ራሳቸው ብዙ ዘመን ፊሳ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ድምፃቸው ከመኪናቸው ጥሩምባ የሚበልጥ ሴት ናቸው። መንጃ ፈቃድ ያወጡት ጸጉራቸው ከሸበተ በኋላ ነው። በየእሑዱ አውቶቡስ ከማይደርስባቸው ቦታዎች ሠራተኞቹን እየለቀሙ ወደ ቤተ ክርስቲያን ያመጣሉ። ዘግይታ የወጣችውን "ሲኞራሽን ስታስተኚ ነው ያደርሽው?" ብለው ሳይቆጡ አያሳፍሩም።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሚኒባሱ ዳገት መሀል አንድ ጊዜ ጮኸና ቆመ። ጋሼ ተጠርቶ እኔም አብሬው ሄድኩ። ኮፈኑን ከፍቶ ባትሪ ሲያበራበት ሞተሩ ጎን ላይ ቡጢዬን የሚያስገባ ቀዳዳ አየሁ።

"ምን ሆነ?" አሉ እትዬ ዘውዴ።

"ሞቷል።"

"የሚሞት ሰው ነው። አስነሳው!"

"እትዬ፣ ይሄ አይነሳም። ሌላ ሞተር ነው የሚገባለት።"

"ታዲያ አስገባለታ! መካኒክ አይደለህ? ወይስ የደጅ ጠባቂ ነኝ ልትለኝ ነው?"

ያን ሰሞን እናቴ ደወለች። ከሲኞራዋ ጋር ተስማምታ ነበር፤ የነሐሴን ሐሙሶችና እሑዶች ሁሉ ትታ፣ በምትኩ የፍልሰታን በዓል ሙሉ ቀን ልትወጣ። በዚያ ዓመት ፍልሰታን ለመጀመሪያ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ልጾም ነበር። በፍቺው ዕለት ስቆርብ እጄን ይዛ የምትቆመው እሷ ናት።

"መኪናው እኮ ሞቷል፣ እማ" አልኳት።

"ጋሼህ ምን አለ?"

"ሌላ ሞተር ይገባለታል አለ።"

"እንደዚያ ካለ ይገባለታል። አንተ ጾምህን ጹም።"

ነገሩ ለእኔ ግልጽ ነበር። ሞተሩ ከገባ እናቴ ትመጣለች። ካልገባ ትምህርት ቤት እስኪከፈት አላያትም።

ጋሼ የሚሠራው አንድ ኮንቸሲዮናሪያ ውስጥ ነበር፤ አዳዲስ መኪና የሚሸጥና የሸጠውን የሚጠግን ትልቅ ድርጅት። ትምህርት ከተዘጋ ወዲህ የሚይዘኝ ሰው ሲጠፋ ይዞኝ ይሄድና እንግዳ መቀበያው ወንበር ላይ ያስቀምጠኛል። ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ወለል ነጭ ነው፤ ምሳ ቢበሉበት የማያስነውር። መኪናው ይገባል፤ ኮምፒዩተር ይሰካበታል፤ ኮምፒዩተሩ የታመመውን ዕቃ ይናገራል፤ አዲሱ ዕቃ ከካርቶን ወጥቶ ይታሰራል። የጋሼ እጅ እዚያ ብዙም አይቆሽሽም ነበር።

እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ጋሼ ቤት ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር በአማርኛ ሲያወራ "ካምቢዮ"፣ "ፍሪሲዮን"፣ "ሞተሪኖ"፣ "ማርሚታ" ይላል። እዚያ ስሄድ ጣልያኖቹም እነዚያኑ ቃላት ሲሉ ሰማሁ። ጋሼ አስተምሯቸው ነው አልኩ በልቤ። ያን ሁሉ ነጭ ቱታ የለበሰ ሰው አማርኛ ማስተማሩ አስደነቀኝ። ያልገባኝ ለምን ከ"እንደምን አደራችሁ" እንዳልጀመረላቸው ብቻ ነው።

ሮም ከመምጣቱ በፊት ጋሼ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ሲያወርድና ሲያስገባ ነው የኖረው። ኮንቸሲዮናሪያው ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ የለም። ለዚህ ነው የወርክሾፑ አለቃ ሲኞር ኤሊዮ፣ ጋሼ ወርክሾፑን እንዲያውሰው ሲጠይቀው፣ የሳቀው። "ሞተር ልታወርድ? በፌራጎስቶ?" አለው። ፌራጎስቶ የነሐሴ አጋማሽ ዕረፍት ነው፤ ሮም በሯን ቆልፋ ባሕር ትወርዳለች፤ ኮንቸሲዮናሪያውም ይዘጋል። ሲኞር ኤሊዮ ሳቁን ጨርሶ ቁልፎቹን ከኪሱ አወጣ። "አሎራ፣ በል እንግዲህ፣ ስመለስ ወለሉ ላይ አንዲት ጠብታ ዘይት እንዳላይ።"

ጾሙ ሊገባ ሲል ጋሼን "አንተስ ትቆርባለህ?" አልኩት።

"እኔ ገና ነኝ።"

"ስንት ዓመትህ ነው?"

"አርባ አንድ።"

"ታዲያ መቼ ነው የምትደርሰው?"

ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ ቆመ። በማግስቱ እጄን ይዞ አባ ዘንድ ሄደ። አባ የንስሐ አባታችን ናቸው። እኔን ደጅ አቁሞ ከእሳቸው ጋር ጥግ ይዞ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። አባ የገረፉት መሰለኝ። መንገድ ላይ፣ "አብረን እንጾማለን። ከጸናሁ አብረን እንቆርባለን" አለኝ። ከልጅነቱ ወዲህ ቆርቦ እንደማያውቅ አላወቅሁም። የገባኝ ከአባ ጅራፍ የምናመልጥበት መንገድ ጾም መሆኑ ነው።

ሞተሩ የተገኘው ከከተማ ውጪ፣ የተጋጩ መኪኖች ከሚከመሩበት ግቢ ነው። እንደ እትዬ ዘውዴ ያለ ሚኒባስ፣ ግን የዳቦ ቤት፣ ከኋላው የተጨፈለቀ። ጎኑ ላይ የስንዴ ዛላ ተስሎ፣ ዳቦ ቤቱ ያለበት ሰፈር ስም ተጽፎበታል። ሞተሩ ወደ ወርክሾፑ ሲመጣ በየስንጥቁ ከዘይት ጋር የተቦካ ዱቄት ነበረበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ለማይቀምስ ልጅ ያን አጠገቡ ማስቀመጥ ግፍ ነው። ጋሼ ዳቦ አይሸትም ብሎ ተከራከረኝ። እኔን ግን ይሸተኝ ነበር፤ ገና ከምድጃ የወጣ።

"ጋሼ፣ ሞተር መንገድ ያስታውሳል?"

ብሎኖች በቆርቆሮ ውስጥ እየደረደረ ነበር፤ ቀና አላለም። "ሞተር የሚያስታውሰው አያያዝን ነው።"

እንግዲያው ያስታውሳል ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ፍርሃት ያዘኝ፤ ለማንም ያልነገርኩት። ይሄ ሞተር በየማለዳው ዳቦ ቤት ሲመላለስ የኖረ ነው። እናቴን ልናመጣ ስንነሳ ወደ ዳቦ ቤቱ ይዞን ቢሄድስ?

ጋሼ ሥራውን የሚጀምረው ከጸሎት በኋላ ነው፤ ጾመኛ ስለሆነ ቀስ እያለ። መጀመሪያ ባትሪውን ፈታ፤ ከዚያ ውሃውንና ዘይቱን አወረደ፤ ራዲያተሩን አነሳ። ሽቦዎቹን ሲደርስ ነጭ ፕላስተር እየቆረጠ ሰጠኝ። ያን ክረምት ፊደል እያስቆጠረኝ ነበር፤ ስለዚህ በሽቦው ጫፍ ላይ አንድ ፊደል፣ በሚሰካበት ቦታ ላይ ያንኑ ፊደል እጽፋለሁ። ሽቦዎቹ ሲያልቁ ግማሹ ገበታ ሞተሩ ላይ ተለጥፎ ነበር። ጋሼ ስለ ጽሕፈቴ "የማ እግሯ ይታይ" ብቻ አለኝ፤ ያን ያለው በዘይት ቆሽሻ ከመ ጋር እንዳትምታታበት ነው።

ከዚያ የሞተው ሞተር ወጣ። ሰንሰለቱን በሁለት ቦታ አስሮ፣ እጁን ብረቱ ላይ አሳርፎ፣ በሌላው እጁ የማንሻውን ሰንሰለት ሳበ። ቀ-ቀ-ቀ-ቀ ይላል። ሞተሩ መጀመሪያ እንቢ አለ፤ መኪናው አብሮ ተነሳ። ጋሼ ቆሞ ተመለከተው፤ በሁለት ጣቱ አንድ ያልተፈታ ነገር ከሥር ፈልጎ አገኘ፤ ፈታው። ያኔ መኪናው ተንፍሶ ወደ ላይ ተነሳ፤ ሞተሩ ለብቻው ወጣ። ከራሴ በላይ፣ ከጋሼም ራስ በላይ ከፍ አለ፤ በጣም ቀስ ብሎ ዞረ፤ ከሥሩ አንዲት ጥቁር ጠብታ ተንጠልጥላ አልወድቅ አለች።

አባ ከቅዳሴ በኋላ የፍልሰታን ታሪክ ነግረውን ነበር። እመቤታችን ስታርግ ያያት ቶማስ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሐዋርያት እኛም እንይ ብለው ጾም ያዙ፤ አዩም። እኔ ከዚህ የተረዳሁት የጾመ ሰው አንድ ነገር ሲያርግ ያያል የሚለውን ነው። ስለዚህ አልተገረምኩም ማለት ይቻላል። ቆቤን አውልቄ ቆምኩ። ጋሼ አየኝ፤ ለምን እንዳወለቅሁ አልጠየቀኝም፤ ጠብታዋ ነጩ ወለል ላይ እንዳትወርድ ጨርቅ ዘረጋ።

እትዬ ዘውዴ በየቀኑ ረፋድ ላይ ይመጣሉ፤ ለመቆጣጠር። የድሮውን ቆሻሻ ናፍጣ ከታንኩ ማውጣት ባስፈለገ ቀን ጋሼ የጎማ ቱቦ ይዞ ሰዓቱን ሲያይ አገኙት።

"ምን ትጠብቃለህ? በአፍህ ሳበውና ይፍሰስ እንጂ። መካኒክ ሁሉ እንደዚያ አይደል የሚያደርገው?"

"ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም፣ እትዬ።"

"ናፍጣ እኮ ከላም አይታለብም! የጾም ነው።"

"የጾምም ቢሆን አፍ ውስጥ ነው የሚገባው። አንዳንዴ ያመልጥና ይወርዳል።"

"እንዴት ያለ ባሕታዊ ነው የወጣን እናንተ!" ብለው ወደ እኔ ዞሩ። "አንተስ ጾመኛው፣ ከዚህ ሰውዬ ጋር ስትውል ናፍጣ አላማረህም?"

ዳቦ ነው የሚያምረኝ አልኳቸው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጋሼ ጎማውን አፉ ውስጥ አድርጎ ሳበ፤ ናፍጣው ሲደርስ ተፋው፤ አፉን ተጉመጠመጠ። ከዚያ ቁጭ ብለን ሽሮ በላን። እሱ ሲበላ ፊቱን ያጨማድድ ነበር።

በበዓሉ ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የዳቦ ቤቱ ሞተር ቦታው ላይ ተቀምጦ፣ ፊደሎቼ ሁሉ ከአቻዎቻቸው ጋር ተጋጥመው አለቁ። የናፍጣው ማጣሪያ ላይ በእጅ የምትጫን የጎማ ፓምፕ አለች፤ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ ገፍታ አየሩን የምታስወጣ። አርጅታ ስለነበር ጋሼ እየለመነ ጫናት። ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አንዴ አሳለ፤ ሁለቴ አሳለ፤ ከዚያ ወለሉ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። በወርክሾፑ ባዶ ግድግዳ ሁሉ ላይ ድምፁ ዞረ። ጋሼ አልጮኸም፤ አልሳቀም። የሞተሩ ክዳን ላይ መዳፉን አሳርፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትኩሳት የያዘው ልጅ እንደሚዳስስ ሰው ቆየ። ያን ያህል ትልቅ ሰው ሆኖ አይቼው አላውቅም። እትዬ ዘውዴ ዕልል አሉ፤ የሦስት ሴት ያህል ድምፅ ወጣቸው።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ሦስታችን ወርክሾፑ ደረስን። ቅዳሴው በማለዳ ነው፤ እስኪቆርቡ ድረስ ደግሞ ውሃ እንኳ አይቀመስም። ኮረብታው ድረስ ሄደን እናቴን ይዘን እንመለሳለን። ጋሼ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ነጠላውን አጣጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀምጧል። ቁልፉን አዞረ።

የማስነሻው ሞተሪኖ ዞረ፤ ሞተሩ ዝም አለ። እንደገና አዞረ። ዝም። ጋሼ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። የጎማዋ ፓምፕ ተሰንጥቃ ነበር፤ ሌሊቱን ናፍጣው ተመልሶ ወደ ታንኩ ወርዶ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል።

"ሌላ ይገዛላ!" አሉ እትዬ ዘውዴ።

"ዛሬ? ሮም ውስጥ የተከፈተ ሱቅ የለም።"

"እዚህስ? ይሄ ሁሉ መደርደሪያ?"

"የእኛ አይነት አይደለም። አይገጥምም።"

እትዬ ዘውዴ ሰዓታቸውን አዩ። እኔ እንዳላለቅስ የሸሚዜን አንገት ነከስኩ። እናቴ አሁን ከሲኞራዋ በር ላይ ነጠላዋን ለብሳ ቆማለች። ዛሬ ካልመጣን ሌላ ቀን የላትም።

ጋሼ አየኝ። ከዚያ እጅጌውን ጠቀለለ። የተሰነጠቀችውን ፓምፕ ፈትቶ አስወገዳት፤ በቦታዋ ቱቦ በቱቦ ቀጠለ፤ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ጫፍ ያዘ። አፉ አጠገብ ሲያደርሰው ቆመ። አንድ ጊዜ ብቻ በተከፈተው በር ወደ ሰማዩ አየ። ሳበ።

ብዙ ሳበ። ጉንጩ ገባ፤ የአንገቱ ሥር ተገታተረ። አየሩ ሲወጣ በጎማው ውስጥ ይንፈቀፈቅ ነበር። ከዚያ ናፍጣው በአንድ ጊዜ መጣ፤ ጋሼ ጎማውን በአውራ ጣቱ ደፍኖ ጎንበስ አለ፤ ሳለ፤ ተፋ፤ እንደገና ሳለ።

"ትፋው! ትፋው! እንዳትውጥ!" አሉ እትዬ ዘውዴ ጀርባውን እየመቱ።

ጎማውን ቦታው አስገብቶ አጠበቀ። ቀና ሲል ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

"ወረደ" አለ።

"ምኑ?"

"ናፍጣው። ወረደብኝ።"

እትዬ ዘውዴ ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። በለሆሳስ፣ "ማን አየህ?" አሉት።

"እኔ" አላቸው። ከዚያ ወደ መቀመጫው ሄደና ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ ተነሳ።

እኔ ናፍጣ መዋጥ የሚያሳምም እንጂ ሌላ ነገር የሚያስቀር አልመሰለኝም። ደግሞም የራሴ ፍርሃት ነበረብኝ። እትዬ ዘውዴ እየነዱ፣ ጋሼ መሀል፣ እኔ ዳር ተቀምጠን ከከተማው ወጣን። መንገዱ ጭር ብሏል። አንድ መንታ መንገድ ላይ ስንደርስ በዳቦ ቤቱ መኪና ጎን ላይ የተጻፈውን የሰፈር ስም ምልክቱ ላይ አነበብኩት፤ ቀስቱ ወደ ግራ ያሳያል። ትንፋሼን ያዝኩ። ሞተሩ ትንሽ ዝግ አለ፤ እያሰበ ነው። ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ወደ ኮረብታዎቹ ዞረ። እትዬ ዘውዴ መሪ መያዛቸው ትዝ አላለኝም። መርጦ ነው ብዬ አመንኩ። እጄን ወለሉ ላይ አሳርፌ፣ ማንም ሳይሰማኝ፣ አመሰገንኩት።

እናቴ በሩ ላይ ነበረች። ነጭ ለብሳ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፤ ጠጠሩ ላይ ድምፅ አሰምታ ሲኞራዋን እንዳትቀሰቅስ። ስትገባ ሳሙና ሳሙና ትሸታለች። ሦስት ጊዜ ሳመችኝ፤ ከዚያ ወደ ጋሼ ዞራ "ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መስሏል" አለችው።

"ምንም። ሞተሩ ሲጮህ አዳመጥሽ?"

"ሰማሁት። ከሩቅ ነው የሰማሁት።"

ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ሞተሩ እንደበራ ተዉት። ጋሼ የራሱን ነጠላ አንስቶ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ፤ ወለሉ ድረስ ወረደ። "አንቺ ያዢው" አላት እናቴን። "እኔ እዚህ ሞተሩን እጠብቃለሁ። ከጠፋ አይነሳም።" እናቴ እትዬ ዘውዴን አየች፤ እትዬ ዘውዴ አንገታቸውን ወዘወዙ። እናቴ እጄን ያዘች።

ቅዳሴውን ሙሉ ሞተሩን እሰማው ነበር። ከዜማው ሥር፣ ከጽናጽሉ ሥር፣ ሳያቋርጥ ይተነፍሳል። ተራዬ ሲደርስ እናቴ ከኋላዬ ሁለት ትከሻዬን ይዛ ቆመች። ቆረብኩ። ጸበል ጠጣሁ። የነጠላውን ጫፍ አፌ ላይ አስያዘችኝ፤ የቆረበ ሰው እንደሚያደርገው፣ እንዳልናገር፣ እንዳይወድቅብኝ።

ስንወጣ ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ። ሚኒባሱ ቦታው ላይ ነበር። ጋሼ የሚኒባሱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ፣ በነጭ ሸሚዙ፣ መዳፉን አፉ ላይ አድርጓል። ትንሽ ወደፊት ጎንበስ ብሏል። ዓይኑ እርጥብ ነው።

እሱም ቆርቧል ማለት ነው አልኩ። እኛ ሳናይ፣ እዚሁ ደጅ ላይ፣ ሞተሩ አጠገብ አቁርበውታል። ትልቅ ሰው ስለሆነ፣ ሞተር ስላስነሳ፣ መጥተውለታል። ወደ እናቴ ቀና አልኩ ልነግራት፤ አፌ ግን ተይዟል። እሷም ወንድሟን እያየች የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ነበር፤ እሷ ግን አልቆረበችም።

ጋሼ ሲያየኝ በሌላው እጁ አጠገቡን መታ መታ አደረገልኝ። ሄጄ ተቀመጥኩ። ብረቱ ይሞቃል፣ ይንቀጠቀጣል። ናፍጣ ሸተተኝ፤ ከናፍጣው ሥር ደግሞ፣ እስከ ዛሬ እምላለሁ፣ ዳቦ። እሱ በመዳፉ፣ እኔ በነጠላው፣ ሁለታችንም አፋችንን ይዘን ሞተሩን አዳመጥን።